ስለ አፈር በል ምስጥ አንጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ምስጥ ሁሉ እንጨት በል ነው» ይባላል። በአፍሪካ ሣር ምድርና ደን የእንጉዳይ ባርኔጣ የመሰለ ኩይሳ የሚሠራው ኩቢተርመስ ግን የሚኖረው አፈር በልቶ ነው። ወለጋ ላይ ገበሬውን ያስመረረው ማክሮተርመስ ሌላ ነው፤ እሱ የተክል ቅሪት እየሰበሰበ ፈንገስ ያለማል። አፈር በሉን ከሰብል አጥፊው ጋር ደምሮ መርዝ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

«አፈሩን ፈጭቶ ይዋሃደዋል።» አሸዋው እንደገባ ይወጣል። ምስጡን የሚቀልበው በብስባሹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አዘል ቁስ፣ በተለይ ፕሮቲን ነክ ቅሪት ነው። አንጀቱ ውስጥ አሞኒያ የሚበዛውም ለዚሁ ነው።

«ፕሮቶዞዋ (ባለ አንድ ሕዋስ ረቂቅ ፍጡር) ይፈጭለታል» የሚለው ለጥንታዊዎቹ እንጨት በሎች እውነት ነው። አፈር በሎች የሚመደቡበት የተርሚቲዴ ቤተሰብ ግን የሚተማመነው በባክቴሪያና ባክቴሪያ በሚመስሉት ረቂቅ ፍጥረታት በአርኬያ ነው።

ከሁሉ የራቀው «ሆዱ እንደ እኛ አሲድ ነው» የሚለው ነው። የኩቢተርመስ መካከለኛ አንጀት ከገለልተኛ ብዙም አይርቅም። ከእሱ ቀጥሎ መካከለኛውና የኋላው አንጀት ጎን ለጎን የሚሄዱበት ቅይጥ ክፍል ይመጣል፤ ከዚያ የኋላ አንጀት መጀመሪያ በሆነው በፒ1 ፒኤች (የአሲድና የተቃራኒው የአልካሊ መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው) ከ12 ያልፋል። በሕያው ፍጡር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። ምንጩ ፖታሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ሸክላው ላይ የተጣበቀውን ብስባሽ የሚያላቅቀው ይህ አልካሊ ነው። ወደ ቀጣዮቹ የኋላ አንጀት ክፍሎች፣ ወደ ፒ3፣ ፒ4 እና ፒ5 ሲወርድ እየረገበ ይሄዳል። ሙሉውን አንጀት ጨፍልቆ ፒኤች የሚለካ ሰው ግን ይህን አያየውም፤ ክፍሎቹ ሲቀላቀሉ ከፍታው ይሰወራል። በየክፍሉ በረቂቅ ኤሌክትሮድ መለካት ያስፈልጋል።

«ዝርያውን ለመለየት ወታደሩን (ጎጆውን የሚጠብቀውን ምስጥ) ማየት ይበቃል።» ወታደር ከሌለስ? በአፍሪካ ያሉት አፒኮተርሚቲኔ (የተርሚቲዴ ንዑስ ቤተሰብ) አብዛኞቹ ወታደር የላቸውም። መለያቸው በፒ1 እና በፒ3 መካከል ያለው የሠራተኛው አንጀት ቫልቭ፣ ማለትም ፒ2 ነው፤ የውስጥ ገጹ እንደየዝርያው የተለያየ እሾህ አለው። በ80 በመቶ አልኮል የተቀመጠ ሠራተኛ ይወሰድና በአጉሊ መነጽር ሥር ሆዱ ተከፍቶ አንጀቱ ይወጣል። ፒ2 ከሁለቱም ወገን ጥቂት ተርፎለት ይቆረጣል፤ በርዝመቱ ተሰንጥቆ አፈሩ በቀጭን ብሩሽ ይታጠባል፤ ከዚያ ውስጡ ወደ ላይ ሆኖ ስላይድ ላይ በግሊሰሪን ይዘረጋል። አፈሩ ካልጠራ እሾሁ አይታይም። ስንጥቁ በእሾህ መደዳ ላይ ካረፈ ደግሞ ቆጠራው ይዛባል፤ ስለዚህ ከአንድ ጎጆ ሁለት ሦስት ሠራተኛ መክፈት ይሻላል።