ሴሽን በፒኤችፒ፦ ፎርም ላይ የተሞላ ነገር ከገጽ ገጽ እንዴት እንደሚቆይ

ሴሽን ማለት፣ ፒኤችፒን በመሰለ ሰርቨር ላይ በሚሠራ የዌብ ቋንቋ፣ ሰው ፎርም ላይ የሞላው ነገር ቀጣዩ ገጽ ላይም እንዲገኝ ሰርቨሩ ጋ የሚቀመጥበት ዘዴ ነው። ያስፈለገውም ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ራሱ ምንም ስለማያስታውስ ነው፣ ገጽ ጠየቅክ፣ ሰጠህ፣ አለቀ፣ ተመልሰህ ስትመጣ አያውቅህም። ስም አንዱ ገጽ ላይ፣ አድራሻ ሌላው ላይ፣ ማረጋገጫ ሦስተኛው ላይ የሚሞላ ፎርም ስትሠራ ነው ችግሩ የሚገባህ። የተሞላውን በድብቅ ኢንፑት እያዞሩ መሄድም ይቻላል፣ ግን ድብቅ የሚባለው ለስሙ ነው፣ የገጹን ሶርስ የከፈተ ሁሉ ያየዋል፣ ከፈለገም ይቀይረዋል።

ሴሽን የሚደገፈው በኩኪ ነው፣ ሰርቨር ብራውዘሩ ላይ አስቀምጦ በየጥያቄው መልሶ በሚያገኛት ትንሽ ጽሑፍ። ኩኪን በ1994 እ.ኤ.አ. ያመጣው የኔትስኬፑ ሉ ሞንቱሊ ነው። የፒኤችፒ ተፎካካሪ የሆነው የማይክሮሶፍት ኤኤስፒ በ1996 መጨረሻ ሲወጣ ሴሽን ይዞ ነበር፣ በጃቫ የሚሠራው ሰርቭሌትም የራሱ አለው። ግን ተራው ዌብ ሠሪ በርካሽ ሆስቲንግ ላይ ሴሽን መጠቀም የቻለው በፒኤችፒ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይመስለኝም። ራስመስ ለርዶርፍ በ1995 ሲለቀው ሴሽን የሚባል ነገር አልነበረውም፣ በፒኤችፒ 3 ጊዜም ሰው ፒኤችፒሊብ የሚባል ላይብረሪ ነበር የሚያስገባው። በሜይ 2000 ፒኤችፒ 4 ሲወጣ ሴሽን አብሮት መጣ።

ያኔ ግን ሬጂስተር ግሎባልስ የሚባል ነገር ነበር፣ ፎርሙ ላይ ያለው የፊልድ ስም በቀጥታ ቫሪያብል ይሆናል፣ ምቹ ነው፣ ግን ዩአርኤሉ ላይ «አድሚን እኩል ይሆናል 1» ብሎ የጻፈ ሰው ኮዱ ካልተጠነቀቀ አድሚን ሆኖ ቁጭ ይላል። በዲሴምበር 2001 በወጣው 4.1 የፎርሙንና የሴሽኑን ዳታ ለየብቻ የሚይዙት ፖስት እና ሴሽን የሚባሉት አሬዮች ኮዱ ውስጥ የትም ቦታ የሚገኙ ሱፐርግሎባል ሆኑ፣ በ2002 በ4.2 ሬጂስተር ግሎባልስ ከመነሻው ጠፍቶ መምጣት ጀመረ፣ በ2012 በ5.4 ጭራሽ ተነቀለ። ዛሬም ፒኤችፒን የሚሳደበው ብዙ ሰው የሚያወራው ስለዚያ ዘመን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሴሽን ስታርት የሚባለው ትእዛዝ መጀመሪያ ሲጠራ ፒኤችፒ የዘፈቀደ ረጅም መለያ ያወጣና በኩኪ ወደ ብራውዘሩ ይልካል፣ ዳታው ግን ሰርቨሩ ጋ ይቀራል፣ ብራውዘሩ በቀጣዩ ገጽ መለያውን ሲመልስ ፒኤችፒ ዳታውን በእሱ ያገኘዋል፣ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስልክህን አስቀምጠህ ቁጥር እንደምትቀበለው ማለት ነው። ኩኪ የሚላከው ከገጹ ይዘት በፊት በሚሄደው ሄደር ስለሆነ ከሴሽን ስታርት በፊት ምንም ነገር ወደ ብራውዘር መውጣት የለበትም፣ ከመክፈቻው ታግ በፊት ያለች አንዲት ባዶ መስመር እንኳ «ሄደር ተልኳል» የሚለውን ዝነኛ ስህተት ልታመጣ ትችላለች።

ሌላ ነገር ካላዘዝከው ዳታው የሚቀመጠው ተራ ፋይል ውስጥ ነው፣ ከፍተህ ብታየው የቫሪያብሉ ስም፣ ዓይነቱ፣ ርዝመቱና ይዘቱ ተከታትለው ተጽፈዋል። ርዝመቱ የሚቆጠረው በባይት ነው፣ ስለዚህ በዩቲኤፍ 8 «አበበ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ 9 ተብሎ ይጻፋል፣ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ነዋ። ፋይሉን በእጅ ነካክቶ ስሙን ያስረዘመ ሰው ቁጥሩን ካላስተካከለ ፒኤችፒ ማንበብ አቅቶት ሴሽኑን ይጥለዋል።

ዕድሜው በመነሻው 1440 ሰከንድ ነው፣ 24 ደቂቃ። ይህ ግን ቁርጥ ያለ ሰዓት አይደለም፣ አሮጌ ፋይል የሚጠረገው ሴሽን በተከፈተ ቁጥር በ1 ከመቶ ዕድል ነው፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ደግሞ ጠረጋውን በራሳቸው ፕሮግራም ያደርጉታል። ረጅም ፎርም ጀምሮ ቡና ሊጠጣ የወጣ ሰው ሲመለስ ባዶ ሊያገኘው ይችላል። ሁለት ታብ ከፍቶ የሚሞላም እንዲሁ፣ ሴሽኑ አንድ ስለሆነ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል፣ መፍትሔው ለየፎርሙ የተለያየ ቁልፍ መስጠት ነው።

ሴሽን ውስጥ ገባ ማለት ግን ጸዳ ማለት አይደለም። ሰውዬው የጻፈውን ስክሪፕት መልሰህ ገጹ ላይ ስታወጣው ይሠራል፣ ስለዚህ ሲገባ ማጣራት፣ ሲወጣ የኤችቲኤምኤል ምልክቶችን ወደ ተራ ጽሑፍ በሚቀይረው በኤችቲኤምኤል ስፔሻልቻርስ ማሳለፍ ግድ ነው። ሰው ሎግኢን ሲያደርግም መለያው መቀየር አለበት፣ አለዚያ አስቀድሞ መለያውን ያስያዘው ሌባ አብሮት ይገባል። የተጫነ ፋይል ደግሞ ጊዜያዊ ቅጂው ሪኩዌስቱ ሲያልቅ ይጠፋል፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር አዛውሮ ሴሽን ውስጥ መንገዱን ብቻ መያዝ ነው የሚሻለው።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ዳታቤዝ ሲገባ የፎርሙን ቁልፍ ብቻ አንሴት በሚባለው ትእዛዝ ማጥፋት ይበቃል። ሴሽኑን በሙሉ የሚያጠፋው ሴሽን ዲስትሮይ ከተጠራ ሰውዬው ከአካውንቱም ይወጣል፣ ኩኪው ግን ብራውዘሩ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ እሱን ለብቻው ማጥፋት ያስፈልጋል።