የቁልቁለት ብስክሌት ዲስክ ፍሬኖችና የማቆም ኃይላቸው

የቁልቁለት ውድድር ወይም በተለመደው ስሙ ዳውንሂል፣ ብስክሌተኛው ከተራራ አናት ተነሥቶ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥርና ዝላይ የበዛበትን መንገድ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደመ የሚወርድበት ስፖርት ነው። በዚህ ስፖርት ፍሬን ከአደጋ መጠበቂያ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኩርባው እስኪጠጋ ድረስ ፍጥነቱን ይዞ መቆየትና ፍሬን የሚይዝበትን ጊዜ ማሳጠር የቻለ ተወዳዳሪ ቀድሞ ይደርሳል። የትኛው ፍሬን የበለጠ ያቆማል የሚለው ጥያቄ በተወዳዳሪዎችና በመካኒኮች ዘንድ ሁልጊዜ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው ግን በአንድ ቁጥር የሚመለስ አይደለም፤ አንድ ፍሬን በመጀመሪያው ጭመቃ የሚሰጠው ኃይልና ከአራት ደቂቃ ቁልቁለት በኋላ የሚሰጠው ኃይል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

የሙቀት ጉዳይ ከስፖርቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ፌርፋክስ ከተማ አጠገብ የተጀመረው ውድድር የተካሄደው በአሮጌ ብስክሌቶች ሲሆን፣ ፍሬናቸው በኋላው ሞዞ ውስጥ የተቀበረና ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ተራራውን ሲወርዱ በሞዞው ውስጥ ያለው ግራሶ እየጨሰ ስለሚያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ሞዞው ተፈትቶ አዲስ ግራሶ ይሞላ ነበር። መንገዱ እስከ ዛሬ የሚጠራበት «ሪፓክ» የሚለው ስም፣ ትርጉሙ «እንደገና መሙላት»፣ የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሥር የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ዱራንጎ ሲካሄድ ቁልቁለት ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። በዚያ አሥርት ዓመታት ብዙ ተወዳዳሪዎች ቸርኬውን የሚጨብጡ፣ የጀርመኑን ማጉራ ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠሩ) ፍሬኖች ይጠቀሙ ነበር፤ በአሥርቱ ማብቂያ ላይ ግን የማጉራ «ጉስታቭ ኤም» እና የአሜሪካው ሄይስ ዲስክ ፍሬኖች፣ ማለትም ከሞዞው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ በሸራ (በሰበቃ ንጣፍ) የሚጨብጡት፣ ቦታውን ያዙ።

ፍሬኑ የሚሸከመውን ሥራ በቁጥር ማየት ጠቃሚ ነው። ብስክሌቱ፣ ጋላቢውና የመከላከያ ልብሱ በአንድነት 100 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ ብንል፣ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርዱ ወደ 490,000 ጁል የሚሆን ኢነርጂ ይለቀቃል። በስኮትላንድ ፎርት ዊልያም ያለው የዓለም ዋንጫ መንገድ ከዚህ በላይ ከፍታ ይወርዳል። ቁልቁለቱ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ የሚለቀቀው ኢነርጂ በአማካይ ከ1,600 ዋት በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ነፋሱ፣ ጎማውና ንዝረት ማብረጃው (ሾክ አብዘርበር) የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የተረፈው ሁሉ የሚያርፈው በሁለት ስስ የብረት ዲስኮች ላይ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ በአነስተኛ ማርሽ ሞተሩን ያስይዛል፤ ብስክሌተኛ ግን እንዲህ ያለ ረዳት የለውም።

የማቆም ኃይል የሚለካው በቶርክ፣ ማለትም የመንኮራኩሩን መዞር በሚቃወመው የማዞር ኃይል፣ ሲሆን መለኪያው ኒውተን ሜትር ነው። ቶርኩ የሚወሰነው ሸራዎቹ ዲስኩን በሚጨብጡበት ኃይል፣ በሸራውና በዲስኩ መካከል ባለው ሰበቃ፣ እንዲሁም ሸራው ከመንኮራኩሩ መሐል ባለው ርቀት ነው። ስለዚህ ዲስኩን ከ200 ወደ 220 ሚሊ ሜትር ማሳደግ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ኃይሉን ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የመንኮራኩሩ መጠን ነው። መንኮራኩሩ ከ26 ወደ 29 ኢንች ሲያድግ የጎማው ውጫዊ ዲያሜትር 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ያው ቶርክ መሬት ላይ የሚያሳርፈው የማቆም ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዲስኩ ከ203 ወደ 220 ሚሊ ሜትር ማደጉ የሚሰጠው 8 በመቶ ነው። እንግዲህ የዘመኑ ትልልቅ ዲስኮች ብዙዎች እንደሚያስቡት አዲስ ኃይል አልጨመሩም፤ ትልቁ መንኮራኩር የወሰደውን መለሱ እንጂ።

ሁለተኛው የኃይል ምንጭ በጣት ማንሻውና በካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን በሚጨብጠው ክፍል) መካከል ያለው የኃይል ብዜት ነው። የቁልቁለት ፍሬኖች በአብዛኛው ሸራዎቹን የሚገፉ አራት ፒስተን አላቸው፤ የማጉራ ኤምቲ7 ፒስተኖች ዲያሜትራቸው 17 ሚሊ ሜትር፣ የፎርሙላ ኩራ 4 ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር ናቸው። የስራም ኮድ 15 እና 16 ሚሊ ሜትር ፒስተኖች ሲኖሩት፣ ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ማቨን 18 እና 19.5 ሚሊ ሜትር ፒስተኖችን ይዟል። የፒስተኖቹ የገጽ ስፋት ሲሰላ ማቨን ከኮድ በ46 በመቶ ይበልጣል። ይህ ማለት ግን ማቨን በ46 በመቶ የበለጠ ያቆማል ማለት አይደለም፤ በማንሻው በኩል ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ሲሊንደርና የማንሻው ርዝመትም በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ። ብዜቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሸራው ወደ ዲስኩ ለመድረስ ማንሻው ብዙ መጓዝ አለበት፤ ያ እንዳይሆን ከተፈለገ በሸራውና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት መጥበብ ይኖርበታል። ጠባብ ክፍተት ባለበት፣ በትንሹ የተጣመመ ዲስክ እንኳ ሸራውን እየነካ ይጮኻል። የጃፓኑ ሺማኖ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ «ሰርቮ ዌቭ» ይባላል፤ ማንሻው በመጀመሪያ ሸራውን ፈጥኖ ያስጠጋል፣ ከነካ በኋላ ደግሞ ብዜቱን ይጨምራል። የዚህ ውጤት ጣት እንደነካው ወዲያው የሚነክስ ፍሬን ነው። የእንግሊዙ ሆፕ ፍሬኖች በአንጻሩ ኃይላቸውን ቀስ በቀስ፣ ጣት በተጫነው ልክ ይለቃሉ።

ይህ የጠባይ ልዩነት ከጥሬው ኃይል ይልቅ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። በደረቅ ሜዳ ላይ የፊት ፍሬን ብስክሌተኛውን በመሪው ላይ ሳይገለብጠው ሊያዘገይ የሚችለው ከምድር ስበት በግምት እስከ ስድስት አሥረኛ ድረስ ነው። ለ100 ኪሎ ግራምና ለ29 ኢንች መንኮራኩር ይህ ወደ 220 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ በቁልቁለት ላይ ወሰኑ ከዚህም ዝቅ ይላል፣ በጭቃና በልቅ ጠጠር ላይ ደግሞ ጎማው ከዚያ በፊት ይንሸራተታል። ዛሬ ያሉት ጠንካራ ፍሬኖች ሁሉ እዚህ ወሰን ላይ በአንድ ጣት ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ያለው ኃይል የሚጠቅመው ጣትን ላለማድከም ነው፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም፣ ክንዱ የደነዘዘ ጋላቢ መሪውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋልና። ነገር ግን ጎማው ሊቆለፍ ሲል ያለችውን ጠባብ ልዩነት ለጣት የማያሳውቅ ፍሬን፣ ኃይሉ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ጋላቢውን ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም።

ሙቀት ከሁሉም በላይ የሚፈትነው የፍሬን ዘይቱን ነው። ዶት 4 የተባለው ፈሳሽ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ዶት 5.1 ደግሞ እስከ 260 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት እንዳለበት መለኪያው ይደነግጋል። ሁለቱም ከአየር እርጥበት ስለሚስቡ ውኃ ከገባባቸው በኋላ ወሰኑ ወደ 155 እና 180 ዲግሪ ይወርዳል። ሺማኖና ማጉራ የሚጠቀሙበት የማዕድን ዘይት እርጥበት አይስብም፤ ሆኖም ውኃ ከገባበት ስለማይዋሐደው ጠብታው በካሊፐሩ ውስጥ ተቀምጦ በ100 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ማንሻው እስከ መሪው ድረስ ባዶውን ይመጣል። የአንዱ ዓይነት የማሸጊያ ጎሚኒ ለሌላው ዘይት ስላልተሠራ ሁለቱን ማቀያየር ፍሬኑን ያበላሻል።

ሸራው ራሱም ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል። በሙጫ የተያያዙት ሸራዎች በቀዝቃዛው ጊዜ ቶሎ ይነክሳሉ፣ ጸጥ ያሉም ናቸው፤ በረጅም ቁልቁለት ግን ቶሎ ይደክማሉ። ከተጨመቀ የብረት ዱቄት የተሠሩት ሙቀትንና ጭቃን ይችላሉ፤ ጉዳታቸው ጩኸትና ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፉት ሙቀት ነው። ዲስኩን በተመለከተ፣ ከተለመደው 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ወደ 2 ሚሊ ሜትር፣ በቲአርፒ ኩባንያ ደግሞ ወደ 2.3 ሚሊ ሜትር የተኬደው ተጨማሪ ብረት ተጨማሪ ሙቀት ስለሚይዝና በቀላሉ ስለማይጣመም ነው።

ስለዚህ ሁለት ፍሬኖችን በእውነት ለማነጻጸር የዲስኩ መጠንና የሸራው ዓይነት አንድ መሆን አለባቸው። በማሽን ላይ ሲፈተኑ ማንሻው በታወቀ ክብደት እየተጫነ ቶርኩ ይነበባል፤ ጠቃሚው ንባብ ግን ደጋግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ፣ ዲስኩ ግሎ ሳለ፣ የሚገኘው ነው። ከፈተናው በፊት አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር መለማመድ ይኖርበታል፤ ይህም ከመካከለኛ ፍጥነት ተነሥቶ ጎማው ሳይቆለፍ በተከታታይ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ፍሬን በመያዝ፣ ከሸራው ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ እኩል እንዲቀባ በማድረግ ይፈጸማል። ይህ ሥራ ያልተሠራለት ፍሬን፣ ከሁሉ የላቀ ቢሆን እንኳ፣ በንጽጽሩ ሰንጠረዥ ታች ላይ ይገኛል።