ፖፔስኩ፦ ከቄሱ ደጅ የወጣ ስም

ፖፔስኩ ከሮማኒያ የቤተሰብ ስሞች ሁሉ ምናልባት በጣም የታወቀው ነው። ትርጉሙ «የቄሱ ወገን»፣ «የቄሱ ቤት ሰው» እንደ ማለት ነው። በአገሩ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይጠራበታል። በብዛት የሚበልጠው «ፖፓ» ነው፤ ወደ 190 ሺህ ባለቤቶች አሉት፣ ፍቺውም በቀጥታ «ቄስ» ነው። ሮማኒያ ውስጥ ፎርም እንዴት እንደሚሞላ ለማሳየት የሚጻፈው ስም «ዮን ፖፔስኩ» ነው፤ እኛ ዘንድ አበበ ከበደ እንደምንለው። ዮን ማለት ዮሐንስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የ«ኤስኩ» ድምፅ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በደርግ ዘመን ሬዲዮ ያዳመጠ ሰው የሮማኒያውን መሪ ቻውሼስኩን ያውቃል። ያም ስም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። «ቻውሽ» ከቱርክኛ የመጣ የመልእክተኛና የበታች ሹም መጠሪያ ሲሆን፣ ቻውሼስኩ የቻውሹ ወገን ነው። ዮኔስኩ የዮን ወገን፣ ፔትሬስኩ የጴጥሮስ ወገን። ቅጥያው በአማርኛ «-ኣዊ» ከሚሠራው ሥራ ጋር ይቀራረባል፤ የአንድ ነገር ወይም የአንድ ሰው መሆንን ያመለክታል። በብዙ ቁጥር ሲነገር «ፖፔሽት» ይሆናል፣ «እነ ቄሱ» እንደማለት። በዚህ ስም የሚጠሩ መንደሮች በሮማኒያ ብዙ ናቸው፤ ከቡካሬስት በስተደቡብ የተጠጋችው ፖፔሽት ሌዮርደን የምትባለው ከተማ አንዷ ናት።

የመጀመሪያው ክፍል፣ «ፖፕ»፣ የስላቭ ቃል ነው። ሮማኒያኛ ከላቲን የተወለደ ቋንቋ ቢሆንም የቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ ለዘመናት ስላቮንኛ ስለነበር ከደጀ ሰላሙ ጋር የተያያዙ ቃላት ከዚያ ገብተዋል። ዛሬ በአክብሮት ሲነገር ቄስ «ፕሬዎት» ይባላል፣ ይህኛው ከላቲን የመጣ ነው። «ፖፓ» የገጠርና የወሬ ቃል ሆኖ ቀርቷል፤ ፊት ለፊት ቢጠሩበት ቅር የሚላቸው ካህናት አሉ። በተረትና በፈሊጥ ውስጥ ግን እሱን የሚያህል የለም። አንድ ሰው ሲሞት ሮማኒያውያን «ኦርቱን ለፖፓ ሰጠ» ይላሉ። ኦርት የጥንት የብር ሳንቲም ነው፤ ለቀብር ጸሎት የሚከፈለውን ዋጋ ያስታውሳል። እንግዲህ የሰው ሁሉ የመጨረሻ ወጪ በፖፔስኮች አያት እጅ ታልፋለች ማለት ነው።

አንድ የካቶሊክ አገር ሰው በዚህ ስም ሊገረም ይችላል፤ ቄስ ልጅ ከየት አመጣ ብሎ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይገረምም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት የሰበካው ካህን አስቀድሞ አግብቶ ነው ቅስና የሚቀበለው፤ ያላገባ መኖር የመነኮሳትና የጳጳሳት ነው። በሮማኒያ መንደርም ቄሱ ሚስትና ልጆች፣ ላምና ማሳ ያለው ሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜም አባት ለልጅ ክህነቱን ያወርሳል። በመንደሩ አንድ ቄስ እንጂ አምስት ስለማይኖር «የቄሱ ልጅ» ብሎ መጥራት ከበቂ በላይ መለያ ነው። ቄስ የሚያገባባቸው አገሮች ሁሉ ተመሳሳይ ስም ያፈሩትም ለዚህ ነው፦ ሩሲያና ቡልጋሪያ ፖፖቭ፣ ሰርቢያ ፖፖቪች፣ ግሪክ ፓፓዶፑሎስ፣ ሊባኖስና ሶርያ ኹሪ፤ አርመኖችም የካህን ዘር መሆኑን ለማመልከት በስም ፊት «ቴር» ያስቀድማሉ። እኛ የአባትን ስም በየትውልዱ ስለምንቀይር እንጂ የቤተሰብ ስም ብናወርስ ኖሮ፣ ጎጃምና ጎንደር በ«የቄሱ ልጅ» ይሞሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ሮማኒያ የቀሩትንም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች አልተወችም። ዲያኮኔስኩ የዲያቆኑ ወገን ነው፣ ፕሮቶፖፔስኩ የሊቀ ካህናቱ፣ ደስከሉ የመምህሩና የዘማሪው። ከሉገሩ የሚባልም አለ፣ ትርጉሙ መነኩሴ ነው፤ የእሱን ዘር አመጣጥ መጠየቅ ነውር ስለሆነ እንለፈው።

ለረጅም ጊዜ እነዚህ ሁሉ መጠሪያዎች እንጂ ስም አልነበሩም። ገበሬው ዮን «የቄሱ ዮን» ይባላል፣ የልጅ ልጁ ደግሞ በሌላ ነገር ይጠራል። ነገሩ የረጋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዘመናዊው መንግሥት ትምህርት ቤት፣ የወታደር ምልመላና መዝገብ ሲያስፋፋ ነው። የስም ሕግ የወጣው በ1895 ነው። እስከ 1860ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጽሕፈቱም በሲሪሊክ ፊደል ነበር፤ ስለዚህ የብዙ ፖፔስኮች ቅድመ አያት የራሱን ስም ዛሬ በሚጻፍበት መልክ ቢያየው አያነበውም።

በዚያ ዘመን «ኤስኩ» ፋሽን ሆነ። የስላቩ «ቪች» የድሮ፣ «ኤስኩ» የአዲሱ አገራዊ ስሜት ምልክት ተደርጎ ታየ። የአገሪቱ ታላቅ ባለቅኔ ሚኃይ ኤሚኔስኩ ሲወለድ ኤሚኖቪች ነበር፤ በ1866 ግጥሙን «ፋሚሊያ» በተባለው መጽሔት ያወጣለት አዘጋጁ ዮሲፍ ቩልካን ስሙን ወደ ኤሚኔስኩ ለወጠው፣ ገጣሚውም ተቀብሎት በዚያው ኖረ። የገጠር መምህራንም ተማሪ ሲመዘግቡ ፖፓ ብሎ የመጣውን ፖፔስኩ አድርገው መጻፋቸው የተለመደ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ፖፔስኩ ቢገናኙ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ መገመት ስህተት ነው። ስሙ በሺህ መንደሮች በየራሱ የበቀለ ነው። የ«ፖፔስኩ ቤተሰብ ጥንታዊ አርማ» በኢንተርኔት የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ጠብቁ።

በካርታ ላይ ሲታይ ስሙ የደቡብ ነው። በዋላኪያ፣ ይልቁንም በኦልቴኒያና በቡካሬስት ዙሪያ ይበዛል። ከካርፓቲያ ተራሮች ባሻገር፣ እስከ 1918 በሃንጋሪ ዘውድ ሥር በነበረችው ትራንሲልቫኒያ፣ ያው የቄስ ልጅ አጭር «ፖፕ» ነው፤ የሃንጋሪ ጸሐፍት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ፓፕ» ብለው መዝግበውታል። በምዕራቡ ባናትና በሰሜኑ ቡኮቪና «ፖፖቪች» ይሆናል። በዚህ በመጨረሻው ስም ከሚጠሩት አንድ ሰው ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። ትራያን ፖፖቪች የቡኮቪና ቄስ ልጅ ነበር፤ ስሙ ቃል በቃል እውነት የሆነለት ሰው ነው። በ1941 የቸርነውጽ (የዛሬዋ የዩክሬን ቸርኒቭትሲ) ከንቲባ ሳለ ከተማይቱ ያለ አይሁድ ባለሙያዎቿ መንቀሳቀስ አትችልም ብሎ ተከራክሮ፣ ወደ 20 ሺህ ገደማ አይሁድ ወደ ትራንስኒስትሪያ ከመጋዝ እንዲተርፉ አደረገ። የእስራኤሉ የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም በ1969 ከጻድቃን መካከል ቆጥሮታል።

ይህ የአካባቢ ልዩነት ውጭ አገር ሲኬድ ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። ከስሙ አጻጻፍ ብቻ ቤተሰቡ መቼና ከየት እንደወጣ አብዛኛውን ጊዜ መገመት ይቻላል።

አሜሪካን እንውሰድ። ከ1890ዎቹ አጋማሽ እስከ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ክሊቭላንድ፣ ያንግስታውን፣ ዲትሮይትና ጌሪ ፋብሪካዎች የጎረፉት ሮማኒያውያን በብዛት የኦስትሪያና ሃንጋሪ ግዛት ገበሬዎች ነበሩ። መፈክራቸው «ሚያ ሺ ድሩሙል» ነበር፦ ሺህ ዶላርና የመመለሻ ትኬት። ሺዋን ቆጥቦ ተመልሶ መሬት መግዛት ነው ሐሳቡ፤ ብዙዎችም በእርግጥ ተመልሰዋል። የቀሩት በ1904 ክሊቭላንድ ላይ የቅድስት ማርያምን ደብር አቋቋሙ። ከትራንሲልቫኒያና ከባናት የመጡ ስለሆኑ በድሮዎቹ የኦሃዮ መቃብሮች ላይ መጠበቅ ያለበት ፖፕ፣ ፖፓና ፖፖቪች ነው። ስማቸውን በኒውዮርኩ የስደተኞች መግቢያ በኤሊስ ደሴት የነበሩ ጸሐፊዎች እንዳበላሹት ብዙ ይወራል። ጸሐፊዎቹ ግን ከመርከቡ ዝርዝር ላይ ነበር የሚሠሩት፤ ፖፕ ላይ አንድ ፊደል የተጨመረው ወይም ፖፖቪች በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተለወጠው ብዙውን ጊዜ በኋላ፣ በፋብሪካና በትምህርት ቤት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ የሳን አንቶኒዮ ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ የነበረው ግሬግ ፖፖቪች አባቱ ሰርብ ነው፣ ሮማኒያዊ አይደለም። «ኤስኩ» ሳይሸራረፍ አሜሪካ በብዛት የገባው በኮሚኒስቱ ዘመን ስደተኞችና ከ1989 በኋላ ነው፤ በካሊፎርኒያ ከሮማኒያውያን ስደተኞች የተወለደችው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ሳብሪና ዮኔስኩ የዚህ ትውልድ ልጅ ናት።

ፈረንሳይ ሌላ ታሪክ አላት። የሮማኒያ ባላባትና ምሁር ልጁን ፓሪስ ማስተማር ልማዱ ስለነበር ስሙ ቀደም ብሎ በክብር ገብቷል፣ ግን ጭራውን ተቆርጦ። በፈረንሳይኛ «ኩ» ተብሎ የሚያልቅ አጻጻፍ ሲነበብ መቀመጫን በስድ አነጋገር የሚያስታውስ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ «ኤስኩ» ወደ «ኤስኮ» ተለወጠ። በ1894 ቡካሬስት የተወለደችው ተዋናይት ኤልቪራ ፖፔስኩ የፓሪስን መድረክ ለአሥርተ ዓመታት የገዛችው ኤልቪር ፖፔስኮ ተብላ ነው፤ «ር»ን እያንከባለለች የምትናገርበትን የአገሯን ቅላጼ ግን አልለወጠችም፣ ተመልካችም የወደደላት እሱን ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ዩጂን ዮኔስኮ እና ሙዚቀኛው ጆርጅ ኤኔስኮም እንዲሁ ናቸው። ፓሪስ ውስጥ «ፖፔስኮ» የሚል ስም ካያችሁ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ ትስስርን ጠርጥሩ፤ አሁን የሚመጡት በ«ኩ» ነው የሚጽፉት፣ ፓስፖርታቸው እንዳለ።

በሞልዶቫ ስሙ ሰው ሳይሰደድ ድንበር የተሰደደበት ነው። በሶቪየት ዘመን ፖፔስኩ እንደገና በሲሪሊክ ተጻፈ፣ በሩሲያ ልማድም የአባት ስም ተጨመረበት፤ የቫሲሌ ልጅ ዮን ፖፔስኩ በመታወቂያው ላይ «ዮን ቫሲልዬቪች» ሆነ። የላቲን ፊደል የተመለሰው በነሐሴ 1989 በወጣው የቋንቋ ሕግ ነው። ከ2021 እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ የሞልዶቫ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኒኩ ፖፔስኩ ናቸው።

ስሙን በእውነት ዓለም አቀፍ ያደረገው ግን ከ1989 ወዲህ ያለው ፍልሰት ነው። የሮማኒያ ሕዝብ በ1992 ቆጠራ ወደ 22.8 ሚሊዮን ነበር፣ በ2021 ወደ 19 ሚሊዮን ወርዷል፤ የወሊድ መቀነስ ድርሻ ቢኖረውም ስደቱ ትልቁን ቦታ ይይዛል። በ2002 የሼንገን ቪዛ ቀረ፣ ጥር 1 ቀን 2007 አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች። በዚያ ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነበሩ? ከሊን ፖፔስኩ ተሪቻኑ። እንግሊዝና ጀርመን የሥራ ገደባቸውን ያነሡት በ2014 ነው። ዛሬ በጣሊያን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሮማኒያውያን ይኖራሉ፣ በስፔንና በጀርመንም በብዙ መቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ቶሪኖ፣ ሮም፣ ካስቴዮን፣ ኮስላዳ፤ ግንበኛው፣ አዛውንት ጠባቂዋ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ፖፔስኩ የሚገኙት እዚያ ነው።

ስሙ ለጉዞ የተመቸ ነው። ሽቴፈኔስኩ ወይም ጸራኑ የሚባል ሰው የፊደሎቹን ምልክቶች በየኤርፖርቱ ኮምፒውተር ሲያራግፍ ይኖራል፤ ፖፔስኩ ግን ምንም ምልክት የለውም፣ ጣሊያናዊም በትክክል ያነበዋል። የእንግሊዝ ተናጋሪ ብቻ «ፖፔስክዩ» ይለዋል። ሌላም ጥቅም አለ፤ ለሴትም ለወንድም አይለወጥም፣ ሩሲያዊቱ ፖፖቫ እንደምትባለው አይደለም።

ስሙን ለእግር ኳስ አፍቃሪዎች ያስተዋወቀው ጆርጄ ፖፔስኩ ነው፣ በቁልምጫ ጂካ። የአርሰናል ደጋፊዎች ይቅር በሉኝና፣ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ጎድቷችኋል። በጥር 1995 ለቶተንሃም ሲጫወት የሰሜን ለንደኑን ደርቢ 1 ለ 0 የወሰነችውን ግብ አገባ። ከዚያ በ2000 ኮፐንሃገን ላይ በዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጋላታሳራይና አርሰናል ያለ ግብ ተለያይተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄዱ፣ ሹከርና ቪዬራ ስተው፣ የመጨረሻዋን ኳስ መረብ ላይ ያሳረፈው እሱ ነው። በማልያው ጀርባ ላይ የቄሱ ወገን የሚል ጽሑፍ እንዳለ ያኔ ስንቶቻችን አወቅን?

አዲሶቹ አገሮች ደግሞ ስሙን በየራሳቸው መዝገብ እየቀረጹት ነው። የጣሊያን የግብር መለያ ኮድ ከቤተሰብ ስም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተነባቢዎች ይወስዳል፣ ካልሞላ አናባቢ ይጨምራል። ስለዚህ ፖፔስኩ «ፒ-ፒ-ኤስ» ሲሆን፣ ፖፓና ፖፕ ግን ሁለቱም «ፒ-ፒ-ኦ» ይሆናሉ። በስፔን የዜግነት ደንብ ደግሞ ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይጠበቃል፣ አንድ ከአባት አንድ ከእናት። አባቱ ፖፔስኩ እናቱ ፖፓ የሆነ የካስቴዮን ልጅ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «ፖፔስኩ ፖፓ» ይባላል፦ የቄሱ ወገን፣ ቄስ።