የክረምት ጎመን፦ ከጓሮ እስከ ትሪ

ክረምት ሲገባ ጎተራ ይሳሳል። ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ ነው፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው፣ ገበያውም ይወደዳል። ጓሮ ያለው ሰው ግን ማባያ አያጣም፤ ጎመን አለ። በደጋውና በወይና ደጋው አገር ከሐምሌ እስከ መስከረም ድስት ውስጥ በብዛት የሚገባው እሱ ነው። ከእንጀራም፣ ከቂጣም፣ ከቆጮም ጋር ይሄዳል፣ የሚጠይቀውም ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት፣ ጨውና ቃሪያ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ስሙ ሁልጊዜ ከችግር ጋር ይነሳል። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል፤ የክረምቱ እጥረት ይሂድ፣ ጥጋብ ይምጣ ነው ነገሩ። ክረምቱን ሙሉ ጎመን ብቻ የበላ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን በደንብ የተሠራ ጎመን ከማንኛውም ወጥ ጎን መቅረብ ይችላል ባይ ነኝ። ርካሽ የሆነው ደጃፍ ላይ ስለሚበቅል ነው እንጂ ጣዕም ስለጎደለው አይደለም። ርካሽ ነው ተብሎ በግዴለሽነት ሲሠራ ነው የሚበላሸው።

የሐበሻ ጎመን የምንለው ተክል የዚሁ የእኛ አካባቢ ልጅ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ነው። ከረጅም ዘመን በፊት የሰናፍጭ ዝርያ ከጥቅል ጎመን ወገን ጋር ተዳቅሎ ነው የተገኘው። ይህን የዝምድና ሐረግ በ1935 እ.ኤ.አ. በጥናት ያቀረበው ናጋሃሩ ዩ የተባለ በጃፓን ይሠራ የነበረ ተመራማሪ ነው፤ አንዱ ወላጅ 8፣ ሌላው 9 ጥንድ ክሮሞሶም ሲኖረው የእኛው ጎመን 17 አለው። ጥሬ ቅጠሉን ቀምሶ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ያለው ሰው አልተሳሳተም ማለት ነው። ዘሩን ደግሞ ጎመን ዘር ብለን ምጣድ እናስስበታለን። ይኸው ዘር በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ዘይቱ ተጨምቆ፣ ሙሉ በሙሉ ከእሱ በተሠራ ነዳጅ ጄት አውሮፕላን በርሮበታል። ይህን ሁሉ የሚችል ተክል የድሃ ምግብ ተብሎ መናቁ ያሳዝነኛል።

ከተማ ውስጥ ቆስጣም ጓሮውን ይጋራዋል። ቆስጣ ግን የጎመን ዘመድ አይደለም፣ የቀይ ሥር ወገን ነው፤ ቶሎ ይበስላል፣ ውሃ ይበዛዋል፣ ከድንች ጋር ሲሆን ይጣፍጣል። ኮንሶ ብትሄዱ ደግሞ ከየቤቱ ደጃፍ የምታገኙት ሽፈራው ነው። ዛፍ ስለሆነ በበጋም ቅጠል አያጣም፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ከተድበለበለ ኩርኩፋ ጋር ይቀቀላል። በደጋው በኩል በክረምት ሳማም ይበላል። ለጋው ጫፍ በጥንቃቄ ይቆረጥና ሲቀቀል መለብለቡን ያቆማል።

ጎመን መትከል ብዙ ጣጣ የለውም። ዘሩ ዝናቡ ሊገባ ሲል ይበተናል፣ ሲበቅል ጥቅጥቅ ያለው ይሳሳል፣ የተነቀለው ችግኝም ሌላ ቦታ ይዛወራል ወይም ድስት ይገባል። ፍግና አመድ የሚደፋበት፣ ለቤቱ የቀረበው መሬት በጣም ይስማማዋል። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ቅጠሉ ለለቀማ ይደርሳል። ለቀማው ላይ ነው ዋናው ዘዴ፦ ከሥር ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች እየገነጠላችሁ የላይኛውን እምቡጥ አትንኩት። እንዲህ ከተያዘ አንድ ተክል ለብዙ ሳምንታት ይቀልባል፤ ነቅላችሁ ከወሰዳችሁት ግን የአንድ ቀን ምግብ ብቻ ነው። ክሽክሽ (ቅጠሉን የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከያዘው ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አመድ ይነሰነስበታል። ቢጫ አበባ ማውጣት ሲጀምር ቅጠሉ ይመራል፣ ስለዚህ ጠንካራውን አንድ ሁለት ተክል ለዘር ትታችሁ ሌላውን ቀድማችሁ ጨርሱት። ቦታ የሌለው ሰው አፈርና ፍግ የሞላው ጆንያ ወይም ከላይ የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃዋል፣ ከሥሩ ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ እስካለው ድረስ።

አሁን ወደ ድስቱ። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል ቅጠል ያዙ። ክምሩን አይታችሁ በዛ አትበሉ፣ እሳት ሲነካው ይሟሽሻል። የክረምት ጎመን ጭቃ ይረጭበታልና መጀመሪያ ጨው በተጨመረበት ውሃ ትንሽ ይዘፍዘፍ፣ ትሉም ክሽክሹም ይወጣል፤ ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግማችሁ እጠቡት። መታጠብ ያለበት ሳይከተፍ ነው። ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ጣዕሙንም ቫይታሚኑንም ከውሃው ጋር መድፋት ነው። ዘንጉን አትጣሉት። ለብቻው አድቅቃችሁ ክተፉትና ከቅጠሉ ቀድሞ ይግባ።

ብዙ ቤት ጎመኑን በብዙ ውሃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውሃውን ይደፋል። ላረጀና ለመረረ ቅጠል ይህ ትክክል ነው። ከጓሮ ዛሬ ለተለቀመ ለጋ ቅጠል ግን ብክነት ነው፤ በአንድ ስኒ ውሃ ወይም በራሱ ውሃ መብሰል ይችላል። ድስቱንም ሙሉ ጊዜ ከድናችሁ አታቆዩት። ከቅጠሉ የሚወጣው አሲድ እንፋሎቱ ውስጥ ታፍኖ ሲቀር ነው አረንጓዴው ቀለም ወደ ቡናማ የሚሄደው።

ወጪ የሚበዛው ዘይቱ ላይ ነው። እሱን ለመቆጠብ ሁለት ራስ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉ። ሲለሰልስ ሦስት ማንኪያ ዘይት ይግባ፣ ከዚያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ የበሰለው ጎመን። ጨውና ትንሽ ኮረሪማ ጨምራችሁ ውሃው እስኪመጥ ድረስ አማስሉ። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ተሰንጥቆ ይገባል፣ እሳቱም ይጠፋል። ሽታው እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ከነጭ ሽንኩርቱ ግማሹን ለመጨረሻ አስቀሩት። ዘይቱን ፈጽሞ ማስቀረት ግን ጥሩ አይደለም፣ የጎመኑ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባምና። ሎሚ ጠብ ማድረግም ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከቅጠል የሚገኘው ብረት ከሎሚ ጋር በተሻለ ይገባል። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ መድኃኒቱን ይጋፋል፣ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

የዘይቱ ጎመን ከጾም ጋር በደንብ ይገጥማል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ልክ ጓሮው በቅጠል በሚሞላበት ጊዜ፤ ስለዚህ በዚያ ሰሞን ጎመን የሌለበት በያይነቱ ማግኘት ይከብዳል። ጾሙ ሲፈታ ነገሩ ይለወጣል። ጉራጌ ቤት ጎመኑ ተቀቅሎ፣ በቢላ ዱቄት እስኪመስል ደቅቆ፣ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል፣ ከአይብና ከቆጮ ጋርም ይቀርባል። የጎመን ክትፎ የሚባለው ይህ ነው። እጅግ ከባድ የእጅ ሥራ ነው፣ በመስቀል ሰሞን የሚከትፉት እናቶች ምስጋና ይገባቸዋል። ስጋ ያለው ደግሞ ጎመን በስጋ ይሠራል፣ ጥቂት አጥንት ያለው ስጋ ብዙ ጎመን ያጣፍጣል።

አዲስ አበባ ላይ የራስን ጎመን መትከል ከቁጠባ ያለፈ ምክንያት አለው። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማ አትክልት የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውሃ እንደሚጠጣ የታወቀ ነው። የተደረጉ ምርመራዎችም በቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ይህ ደግሞ በማጠብም በመቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ገበሬው ላይ መፍረድ አልፈልግም፣ ሌላ ውሃ የለውም። ጣራ ላይ ወይም በረንዳ ላይ የዝናብ ውሃ የሚጠጣ አንድ ጆንያ ጎመን ያለው ሰው ግን የሚበላውን ያውቃል።

ውጭ አገር ያሉትም አልተዉትም። እስራኤል ውስጥ የኢትዮጵያ ተወላጆች በጋራ የአትክልት ቦታዎች ላይ ከአገር ቤት የለመዱትን ቅጠል ያለማሉ። አሜሪካ ያለው ሰው በእነሱ በጋ ጓሮው ውስጥ ይተክላል፣ የእኛ ክረምትም ያኔ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋው ጎመን አያስችልም፣ ሙቀቱ ጋብ ካለበት ከጥቅምት ወዲያ ነው በገንዳ የሚዘራው። ዘሩን ያላገኘ ኮላርድ ይገዛል። ኮላርድ ከጥቅል ጎመን ወገን ነው፣ ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ ከሐበሻው ጎመን ረዘም ያለ ጊዜ መቀቀል ይፈልጋል፣ ዘንጉም ጠንካራ ነውና በጣም ካልደቀቀ ጥርስ ላይ ይቀራል።