የውክልና ጦርነት በጅማ ገጠር

የውክልና ጦርነት ልዕለ ኃያላን ፊት ለፊት ሳይታኮሱ በሌላ አገር ሰው እጅ የሚዋጉት ጦርነት ነው። መሣሪያው፣ ብድሩና አማካሪው ከእነሱ ይመጣል፤ ሟቹ ከአገሬው ነው። ጅማ በደርግ ዘመን የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ የኦጋዴንም የኤርትራም መድፍ አልተሰማባትም። ሆኖም የጦርነቱ ዋጋ በግንባር ብቻ እንዳልተከፈለ ከእሷ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው። (ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ በ1945 በተፈረመ ስምምነት አሥመራ ላይ ቃኘው የሚባል የወታደራዊ መገናኛ ጣቢያ ነበራት፤ የንጉሠ ነገሥቱንም ጦር ታስታጥቅ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ሶማሊያን ታስታጥቃለች። በ1969 ደርግ ጣቢያውን አዘጋ፤ ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ደጋፊዎቹ ቦታ ተለዋወጡ። የኢትዮጵያ አብራሪዎች በአሜሪካ ኤፍ-5 አውሮፕላን የሶማሊያን ሚግ ሲጥሉ፣ የዚያው የሚግ ባለቤት ሶቪየት ከኅዳር 1970 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ታንክና መድፍ በአየር ታጓጉዝ ነበር። ከአሥር ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ከካራማራ ድል ጋር ተመለሰች። ከኢትዮጵያ ወገን ከ6,000 በላይ ወታደር ሞተ፤ ከ10,000 በላይ ቆሰለ። የሶማሊያም ሟች ከዚያ ብዙም አይለይም። የሞተውና የተሰደደው ሲቪል በሁለቱም ቁጥር ውስጥ የለም።

ሁሉንም የዚያ ዘመን ውጊያ "የውክልና" ማለት ግን ስሕተት ነው። የኤርትራና የትግራይ ጦርነቶች የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ታጣቂዎቹም የአሜሪካ ምልምል አልነበሩም። ልዕለ ኃያላኑ ጦርነቱን አልፈጠሩትም፤ አስረዘሙት እንጂ። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የሶቪየት መሣሪያ በዱቤ ባይገባ ኖሮ ደርግ ያን ያህል ሠራዊት ለ14 ዓመት ባላሰለፈ ነበር። ታንክ በዱቤ ይገኛል፤ ታንከኛው ግን የሚገኘው ከገበሬ ቤት ነው።

ከገበሬ ቤት የሚወጣበት መንገድ በየጊዜው ተለዋውጧል። በ1969 "የእናት አገር ጥሪ" ታወጀና ገበሬው ታጠቅ ጦር ሰፈር ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ በሚሊሺያነት ዘመተ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፦ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ነው። በወረቀት ላይ ሥርዓት አለው። ሥራው ላይ ግን ቁጥሩ ከላይ እንደ ኮታ ይወርድና ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበር ይደለደላል፤ ሊቀመንበሩ ኮታውን መሙላት አለበት። ስም የመምረጥ ሥልጣን በእጁ ስለሆነ ዘመድ ያለው ይቀራል፣ ጉቦ የሚሰጥ ይቀራል፣ የመበለት ልጅ ይሄዳል። ኮታው ሳይሞላ ሲቀር አፈሳ ይመጣል፦ በገበያ ቀን፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ሌሊት በየቤቱ። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት አገር ዕድሜ የሚገመተው በቁመት ነውና 18 ያልሞላውም ይታፈሳል። ሁለት ዓመቱም በሁለት ዓመት አያልቅም ነበር።

አንድ ወጣት ሲወሰድ ቤቱ ምን እንደሚያጣ ለማወቅ የቡናን ሥራ ማየት ይበቃል። ቡና ባንድ ጊዜ አይቀላም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ያንኑ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ቀይ ቀዩን መልቀም ይፈልጋል። ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ ቡና አንድ ኪሎ ንጹሕ ይወጣዋል። ጀንፈል (ከነልጣጩ የሚደርቅ) ቡና ደግሞ ማስጫው ላይ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲገለባበጥ፣ ማታና በዝናብ ሲሸፈን መቆየት አለበት። እጅ ሲጎድል አረንጓዴውም ቀዩም ባንድ ላይ ይሸመጠጣል፤ ያለፈበት መሬት ላይ ይረግፋል፣ ይሻግታል፣ የአፈር ጣዕም ይይዛል፣ ደረጃው ይወርዳል። የዘማች ማሳ በገበሬ ማኅበሩ ይታረሳል ቢባልም ጎረቤት በግዴታ የሚያርሰው የራሱን ካዳረሰ በኋላ ነው። እህልን ዘግይቶ መዝራት፣ ቡናን ዘግይቶ መልቀም ብዙ ገቢ ሊያሳጣ ይችላል።

ያችን የተረፈችውን ቡናም መንግሥት በራሱ ዋጋ ይገዛት ነበር። ቡና ከአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከግማሽ በላይ ያመጣ ስለነበር የጦር ወጪው አንድ ክንድ ከዚሁ አካባቢ ነበር። በሰኔ 1981 መጨረሻ የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት (አገሮች የሚሸጡትን መጠን የሚወስነው) ሲፈርስ ዋጋው በወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ፤ ለጦርነቱ የሚጠየቀው መዋጮ ግን አልወረደም።

ከሁሉም የሚከብደው ሳይታወቅ የቀረው ሞት ነው። በደርግ ጊዜ የሟቾች ዝርዝር ለሕዝብ አልወጣም። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጥም፤ እድርም የቀብር ገንዘብ አይከፍልም። የጅማ አካባቢ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ የባል ሞት ካልታወቀ የሚስት የ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ (ባሏ የሞተባት ሴት ዳግም ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ) ከየት ይጀመራል? ክርስቲያኑም ለፍትሐት ስም ሊሰጥ ይፈራል፤ በሕይወት ያለን ሰው መፍታት ይሆንበታልና። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው በፍርድ ቤት መጥፋቱ እንዲወሰን ይፈቅዳል። ነገር ግን አቤቱታውን የምታቀርበው እናት ልጄ ሞቷል ብላ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ መሆን አለባት። ብዙዎች ለዚህ አልደፈሩም፤ የልጁ የመሬት ድርሻና የሚስቱ ዕጣም በዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጅማ ከሁለቱም ወገን ጥሩም ነገር አግኝታለች። የእርሻ ትምህርት ቤቷ በ1940ዎቹ አጋማሽ ሲቋቋም ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ነበሩበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ የኩባ ሐኪሞች አስተምረዋል። በ1992 ሁለቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ይህን መካድ አያስፈልግም፤ ከሟቹ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥም አይገባም።

ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ። እግሩን በፈንጂ ያጣ ሰው ወጪው ያኔ ይጀምራል። ፒኤምኤን የሚባለው የሶቪየት ፀረ ሰው ፈንጂ 240 ግራም ገደማ ቲኤንቲ የሚባል የሚፈነዳ ንጥረ ነገር ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው እግር ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው። ጉቶው በመጀመሪያው ዓመት ይሟሽሻል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ እግር ይሰፋና ቆዳ ይልጣል፣ ዳግም መለካት አለበት። ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራው በጅማ ዝናብና ጭቃ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ውኃ ስለማይመጥ ይሻላል። የአዋቂ ሰው እግር በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይቀየራል፤ በማደግ ላይ ላለ ልጅ በየ6 ወሩ። በ1980 በ20 ዓመቱ የተቆረጠ ሰው እስከ ዛሬ ከስምንት ያላነሰ እግር ያስፈልገዋል፤ አንዱ አልቆ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ክራንች ይዞ ቡና የሚለቅመው በአንድ እጁ ነው።