ኦን አይስ ምንድን ነው? የከረመ ሆልድ አይደለም

«ለአጭር ጊዜ ከሆነ ሆልድ፣ ለረጅም ጊዜ ከሆነ አይስ አድርጉት።» ይህን ምክር ሰሞኑን እንደገና አየሁት፤ ያውም አውቶሲስ (የኮምፒውተር ሥራዎችን በሰዓታቸውና በቅደም ተከተላቸው የሚያስነሳ ሶፍትዌር) አስተምራለሁ ከሚል ሰው። ባንክ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የያዘ ኦፕሬተር አምኖት ቢሠራበት ጠዋት ምን እንደሚጠብቀው ስለማውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጆብ አውቶሲስ የሚያስነሳው አንድ ሥራ ነው፤ አንዱ ጆብ ሌላው እስኪሳካ ሊጠብቅ ይችላል። ሆልድና አይስ ደግሞ ጆቡ እንዳይሮጥ የምናቆምባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። የሆልድና የአይስ ልዩነት ከቆይታ ጋር አይገናኝም። መጠየቅ ያለበት ያቆማችሁትን ጆብ የሚጠብቁት ሌሎች ጆቦች ምን ይሁኑ የሚለው ነው። ጆቡ ሆልድ ላይ ከሆነ እሱም አይሮጥም፣ ከኋላው ያሉትም አይሮጡም። አይስ ላይ ከሆነ ግን የሚቀረው እሱ ብቻ ነው፤ የእሱን ሰክሰስ (መሳካት) የሚጠብቁት ተሳክቷል ብለው ይነሳሉ።

የዱላ ቅብብል አስቡ። ሁለተኛው ሯጭ ሆልድ ላይ ሲሆን መስመሩ ላይ ቆሟል፤ ሦስተኛው እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። አይስ ግን ሁለተኛውን ከሜዳ አስወጥቶ ሦስተኛውን «ዱላው ደርሶሃል፣ ሩጥ» ማለት ነው። ይሮጣል፣ በባዶ እጁ። ሯጮቹን አሁን በባንክ ሥራ ተኩ፤ አንደኛው የቀኑን የኤቲኤም ግብይት ፋይል ይቀበላል፣ ሁለተኛው በየሂሳቡ ፖስት ያደርጋል (ይመዘግባል)፣ ሦስተኛው የቀን መዝጊያ ሪፖርት ያወጣል። ሁለተኛውን አይስ ብታደርጉት ሪፖርቱ በሰዓቱ ይወጣል፤ ግብይቱ ግን የለበትም። ማሳያው ላይ ቀይ ነገር አይታይም፣ የሚጮህ ማንቂያም የለም። ነገሩ የሚታወቀው ጠዋት ሂሳብ የሚያስታርቁት ሲገቡ ነው።

ሲለቀቁም አይመሳሰሉም። ሆልዱ ሲነሳ የጆቡ መነሻ ሁኔታ ተሟልቶ ከሆነ ወዲያው ይሮጣል፤ ሯጩ መስመሩ ላይ ነበርና። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቅ የነበረበትን ከባድ ሥራ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ ልታስነሱት ትችላላችሁ፤ ተጠንቀቁ። ከአይስ የወጣው ግን ሁኔታው ተሟልቶ ቢያገኘውም አይነሳም፣ እንደ አዲስ እስኪሟላ ይጠብቃል። ወደ ቡድኑ ተመልሷል፣ የሚሮጠው ግን በሚቀጥለው ውድድር ነው። «አይሱን አነሳሁት፣ ለምን አይሮጥም?» ለሚለው የዘወትር ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

መካሪያችን «ለሳምንት ሆልድ ካደረግነው እኮ ሰንሰለቱ ሁሉ ይቆማል» ይላል። ይቆማል እንጂ! ሆልድ የተሠራው ለዚያ ነው። ተከታዮቹ ያለ እሱ ውጤት በትክክል መሥራት ከቻሉ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አይስ ይሆናል፤ ካልቻሉ ወርም ቢፈጅ ሆልድ ነው።

ሁለቱም መሮጥ በጀመረ ጆብ ላይ እንደማይሠሩም ልጨምር። ቦክስ (ጆቦችን በአንድነት የሚይዝ ጥቅል) ውስጥ ደግሞ ሆልድ ላይ ያለ አንድ ጆብ ቦክሱን በሙሉ ራኒንግ (ገና እየሮጠ ነው) ላይ ያስቀረዋል፤ አይስ ላይ ያለውን ግን ቦክሱ ሳይቆጥረው ያልቃል። ይህን ሁሉ ኮንትሮል ኤም ወደሚባለው ሌላ ተመሳሳይ ሶፍትዌር አትውሰዱት፤ እዚያ ሆልድ አለ፣ አይስ የለም።

አይስ የሚያደርጉ ብዙዎች በእውነት የሚፈልጉት አዳዲሶቹ የአውቶሲስ ስሪቶች ላይ ያለውን ኦን ኖኤግዜክ ነው። ጆቡ የራሱን መነሻ ሁኔታ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ምንም ሳይሠራ ሰክሰስ ይሆናል። ሦስተኛው አሁንም ባዶ እጁን ነው፤ ቢሆንም አንደኛው ሳይጨርስ አይነሳም።

አይስ የግድ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ጆብ ዲፔንድስ በሚለው ትእዛዝ ማን ማን እንደሚጠብቀው አውጡ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌላ ክፍል ጆብ ካገኛችሁ የዚያን ክፍል ተረኛ ሳታናግሩ አትንኩት።