«ጫት ትምህርት ያስገባል» እና ሌሎች የተማሪ ወሬዎች

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደሴ ላይ በተማሪው መካከል የሚናፈሱ ወሬዎች አሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አለባቸው፤ የሚያሳስቱትም ለዚህ ነው።

«ጫት ከቃምክ ትምህርት ይገባሃል»

እንቅልፍ ማባረሩስ እውነት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። መርቅኖ የሚያነብ ልጅ ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል። ጣጣው የሚመጣው ሌሊት ነው። ቀን የተጠናው ጭንቅላት ውስጥ የሚደላደለው ስንተኛ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል። የቃመው ልጅ ሲገላበጥ ያድርና ጠዋት ደብሮት ክፍል ይገባል። ድብርቱን ለማባረር እንደገና ይቅማል። ካልቃመ ሐራራው አለ፣ ሲተኛም ዱካኩ፣ ማለትም ቅዠቱ። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ ይከተላል፤ ለጥናት የተጀመረው በርጫ መጠጥ ቤት ያልቃል።

«አባቴም ይቅማል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ወሎ ላይ ጫት ከዱአውም ከጨዋታውም ጋር አብሮ የኖረ ነው። አባትየው ግን ነገ የሒሳብ ፈተና የለበትም።

«ሺሻን ውሃው ያጣራዋል»

ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጸዳውም። ኒኮቲኑም፣ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ያልፋል። እንዲያውም ጭሱ ስለሚለሰልስ ብዙ ይሳባል። በነገራችን ላይ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆና አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሱቅ ውስጥ ዕድሜው የተጠየቀ ልጅ ካለ ይንገረን።

«ለቅርብ መንገድ ሄልሜት ምን ያደርጋል?»

ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቅርብ ነው፤ አስፋልቱ ግን ለቅርብ ተጓዥ አይለሰልስም። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በሞተር ሦስት ሆኖ መውረድማ ሌላ ጉድ ነው።

«ፖስት ፒል ካለ ምን ያሳስባል?»

ብዙዎቹ የሚፈሩት እርግዝናን ብቻ ነው። ፖስት ፒል፣ ማለትም ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ቶሎ ከተወሰደ የእርግዝናን ዕድል በጣም ይቀንሳል። ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን ግን ጨርሶ አያግድም፤ ለዚያ ኮንዶም ነው። ኮንዶም ቢቀደድ ወይም ሳይደረግ ቢቀርስ? በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሄዶ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። አፍሮ ሳምንት የቆየ ልጅ ይህ ያመልጠዋል። የሚቀረው ምርመራ ነው፤ እሱም በነጋታው ነፃ ስላለ አይታመንም፣ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል።